ከሰባት ቤት እስከ ሦስት መቶ ቀን

ጋብቻ በሁለት ሰዎች ፈቃድ የሚመሠረት ቢሆንም፣ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የቆየበት ዘመንም ሆነ አገር አይገኝም። ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት በመሆኑ፣ ጎጆ ከመቀለሱ በፊት የሚጠይቅ፣ የሚመረምርና የሚመሰክር ሦስተኛ ወገን ምንጊዜም አለ። በአገራችን ይህ ሦስተኛ ወገን ለብዙ ዘመናት ሽማግሌ ሆኖ ኖሯል። ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ ከሴት ልጅ ወላጆች ደጅ ከመቆሙ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ ቆጠራውም እስከ ሰባት ቤት ይዘልቃል። ልጁ ሌላ ሚስት አለችውን? ልጅቱስ ለሌላ ታጭታለችን? ቀድሞ አግብታ እንደሆነ በወጉ ተፈትታለችን? በሁለቱ ቤት መካከል ያልደረቀ ደም አለን? ይህ ሁሉ ተጠይቆና ተጣርቶ «የሚከለክል ነገር የለም» ሲባል ነው ነገሩ ወደ ድግስ የሚያመራው።

ሠርጉ ባሕር ተሻግሮ በባዕድ አገር ሲሆን ግን ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያውቅ ሽማግሌ በዚያ የለም። የሚያገባቸው ሹም የሙሽራውን አያት አያውቅም፤ የሙሽሪትንም ሰፈር በካርታ ላይ እንኳ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ የሽማግሌውን ጥያቄ በወረቀት ይጠይቃል። የጥያቄው ይዘት ግን አልተለወጠም። በኢጣልያ ማዘጋጃ ቤቶች የውጭ አገር ሰው ከማግባቱ በፊት እንዲያቀርብ የሚጠየቀው ሰነድ «ኑላ ኦስታ» ይባላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሚከለክል ነገር የለም» ማለት ነው።

ይህን ሰነድ ለማግኘት በ2010 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ያለፈበት መንገድ ሊነገር የሚገባው ነው። የቤቱ አባወራ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ መምህር ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው በጀርመን አገር በነርስነት ትሠራለች። ልታገባው ያሰበችው ሰው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ ተወልዶ ያደገ፣ የዚያው አገር ዜጋ ነው። እርሷ ወደ አሜሪካ ለመግባት ቪዛ መጠበቅ ነበረባት፤ የእርሱ አረጋዊ ወላጆች ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገውን ረጅም ጉዞ አይችሉትም ነበር። ሁለቱም በቀላሉ ሊደርሱበት የሚችሉት ቦታ ተፈልጎ፣ ከሮም በስተ ሰሜን በሐይቅ ዳር የምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ተመረጠች። ቀኑም ሐምሌ ውስጥ እንዲሆን ተቆረጠ።

መምህሩ የቦታውን ስም ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉ። የዝምታቸው ምክንያት ለልጃቸው ያልተሰወረ ነበር። መምህሩ በክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር አለ። ፋሽስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1937፣ አንድ ኢጣልያዊ በቅኝ ግዛቱ ካለች አፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ የሚያዝ ድንጋጌ አወጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ «የአርያን ዘር» የተባለ ኢጣልያዊ ከሌላ ዘር ሰው ጋር እንዳይጋባ ጭራሽ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው ሕግ ከኢጣልያዊ አባትና ከአፍሪካዊት እናት የተወለደ ሕፃን በአባቱ እንዳይታወቅ፣ ስሙንም እንዳይወርስ ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ሕጉ ወታደሩ ሴቶቻችንን በማስገደዱ አልተቆጣም። የተቆጣው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማዕድ፣ እንደ ቤተሰብ በመኖሩ ነበር። አድራጎቱን ወንጀል ያደረገው ጋብቻን መምሰሉ ነው።

«እዚያው አገር፣ በዚያው ሕግ ፊት?» ሲሉ ጠየቋት።

«በዚያው ሕግ አይደለም አባባ፤ ያ ሕግ ተሽሯል። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?» አለቻቸው።

እውነቷን ነበር። የዘር ሕጎቹ ፋሽዝም ሲወድቅ አብረው ወድቀዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1948 ጀምሮ የጸናው የኢጣልያ ሕገ መንግሥት በ3ኛው አንቀጽ ሰው በፆታው፣ በዘሩ፣ በቋንቋውና በሃይማኖቱ እንዳይለይ ደንግጓል፤ በ29ኛው አንቀጹም ጋብቻ በተጋቢዎቹ እኩልነት ላይ የቆመ መሆኑን አረጋግጧል። ይህ ማለት ግን በሩ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠበበም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ሕግ፣ የውጭ አገር ሰው በኢጣልያ ለማግባት በአገሩ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ መኖሩን የሚያሳይ ሰነድ ጭምር እንዲያቀርብ አዘዘ። መኖሪያ ፈቃድ ያጣ ስደተኛ የማግባት መብቱንም አብሮ አጣ ማለት ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ድንጋጌውን ሻረው። ማግባት የሰው ልጅ መብት እንጂ ፈቃድ ላለው ብቻ የሚታደል ጸጋ አይደለምና።

ከዚህ በኋላ የቀረው በኢጣልያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 116 የተጻፈው ግዴታ ነበር። ይኸውም የውጭ አገር ሰው በገዛ አገሩ ሕግ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር እንደሌለ ከአገሩ ባለ ሥልጣን የተሰጠ ማረጋገጫ ማቅረብ ነው። ለኢትዮጵያዊት ሙሽራ ማረጋገጫውን የሚሰጠው በሮም የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው። ኤምባሲው ግን ከአገር ቤት የመጣ ማስረጃ ሳያይ አይጽፍም። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀትና ያላገባች መሆኗን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከአዲስ አበባ መውጣት፣ መተርጎም፣ በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ነበረባቸው። ኤምባሲው የጻፈው ማረጋገጫም በተራው በኢጣልያ ፕሬፌቱራ ቀርቦ፣ የ16 ዩሮ ቴምብር ተለጥፎበት፣ የፈራሚው ሹም ፊርማ እውነተኛ መሆኑ መመስከር አለበት። ወረቀት ወረቀትን፣ ማኅተም ማኅተምን ይመሰክራል። ነገሩ ሲታይ አሰልቺ ነው። ይሁን እንጂ በቅርብ ለመረመረው ሰው፣ አንዱ ሽማግሌ ስለ ሌላው ሽማግሌ ታማኝነት ከሚናገርበት የአገራችን ወግ እጅግም አይርቅም።

በሙሽራው በኩል የሆነው ደግሞ መምህሩን አስገርሟቸዋል። አሜሪካ በግዛቶች የተከፋፈለች በመሆኗ የሁሉንም ዜጋ ጋብቻ የሚይዝ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ የላትም። ስለዚህ የአገሪቱ መንግሥት «ይህ ሰው አላገባም» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ኢጣልያም ይህን በመረዳት ለአሜሪካውያን ሌላ መንገድ ከፍታለች፤ ሰውየው በቆንስላው ሹም ፊት ይምላል፤ ከዚያም በኢጣልያ ባለ ሥልጣን ፊት ሁለት ምስክሮች ቆመው፣ እንደ አገሩ ሕግ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር እንደሌለ በመሐላ ያረጋግጣሉ።

«እንግዲህ ያን ሁሉ ሠልጥነው ዞረው ዞረው የመጡት ወደ እኛው ሰማንያ ነዋ!» ሲሉ መምህሩ ሣቁ። ሣቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ለልጃቸው ማስረጃ ምስክር ሆነው እንዲቆሙ ተጠየቁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የከበደው። ልጅቱ ቀድሞ አግብታ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ በሰፈሩ ሰው ፊት ተድራለች። ጋብቻው ግን በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ አልሰፈረም። ሁለት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም፤ አልተስማሙም። በ2001 ዓ.ም. ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዕቃው ተከፍሎ፣ ዕርቅ አልሆን ሲል መለያየታቸው በጽሑፍ ተደረገ። ያን ጽሑፍ በገዛ እጃቸው የጻፉት መምህሩ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱ በሌላው ላይ ምንም መብት እንደሌለው የሚገልጽ ነበር። ባልየው ወዲያው ሌላ አገባ፤ እርሱንም በሽማግሌ ፊት። ልጅቱ ወደ ውጭ አገር ሄደች። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ።

የመንግሥት መዝገብ ሲገለጥ ልጅቱ ያላገባች ናት። ማስረጃውን ለማውጣት ከዘመድና ከጎረቤት ሦስት ሰው ቆሞ «አላገባችም» ቢል የሚጠራጠር አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የነበረው ብዙ ጋብቻ በመዝገብ የለም። ዘመድ ወዳጁም «ይህ እኮ አንድ ወረቀት ነው፤ ነገሩ በሽማግሌ አልቋል፤ ምን ያስጨንቃል?» ይል ነበር።

መምህሩ ግን አልተዋጠላቸውም። ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት በ1992 ዓ.ም. የወጣውን፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበትን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ፈልገው አነበቡ። ያነበቡትም እንቅልፍ ነሣቸው። ሕጉ ጋብቻ በሦስት ሥርዐት ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዐት ወይም በባህል ወግ። በሦስቱም የተፈጸመው ጋብቻ ውጤቱ እኩል ነው። መመዝገብ ጋብቻውን ለማስረዳት ይረዳል እንጂ ጋብቻውን ጋብቻ የሚያደርገው እርሱ አይደለም። ስለዚህ የ1999ኙ ጋብቻ ድንኳኑ ውስጥ በጸና ወግ የተፈጸመ ጋብቻ ነበር። ፍቺን በሚመለከት ግን ሕጉ ሥልጣኑን የሰጠው ለፍርድ ቤት ብቻ ነው።

ለመምህሩ ስሕተት መነሻ የሆነው ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ቀድሞው ሕግ መመለስ ያሻል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች የፍቺን ጉዳይ ተቀብለው የመወሰን ሥልጣን ነበራቸው። መምህሩ ያደጉትም፣ ያገቡትም፣ በጎረቤት ጠብ ገብተው ሲያስታርቁና ሲያለያዩ የኖሩትም በዚያ ሕግ ሥር ነው። የ1992ቱ ሕግ ግን ያን ሥልጣን ከሽማግሌዎች አንሥቶ ለዳኛ ሰጠው፤ ለሽማግሌ የቀረው ማስታረቅ ነው። ይህ ለውጥ ያለ ምክንያት አልመጣም። በቤተ ዘመድ ሸንጎ የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ሴቲቱ የንብረት ድርሻዋን ሳታገኝ በይሉኝታ የምትወጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ2001 ዓ.ም. በተጻፈው በዚያ ወረቀትም ቢሆን ለልጅቱ የደረሳት አንድ ሣጥንና ልብሷ ብቻ እንደነበር መምህሩ አሁን ደግመው ሲያነቡት አስተዋሉ። የጻፉት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ በሕግ ዐይን ልጃቸው ዛሬም የዚያ ሰው ሚስት ናት። «አላገባችም» ብሎ መመስከር በሐሰት መመስከር ነው። በዚያ ምስክርነት ላይ የሚቆመውም ጋብቻ አንድ ቀን በንብረት፣ በውርስ፣ ወይም በልጅ ጉዳይ ክርክር ሲነሣ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። በሁለቱም አገር ሕግ ድርጊቱ ያስቀጣል። የሐይቁ ዳር ሠርግ በሸምበቆ ላይ እንደ ተሠራ ቤት መሆኑ ነው።

በስልክ ነገሯት። ለረጅም ጊዜ አልመለሰችም።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ። ማወቅ ይገባኝ ነበር፤ አላወቅሁም።»

«ለእርሱ ምን ብዬ ልንገረው? ባለ ባል ነኝ ልበለው?»

«እንደሆነው ንገሪው። የሚያገባሽ ከሆነ ይህን ሰምቶም ያገባሻል።»

ነገረችው። ሰውየው ከጥቂት ቀን ዝምታ በኋላ «ቀኑ ይገፋ» ብሎ መለሰ። የተያዘው አዳራሽ ተሰረዘ፤ የተከፈለው ቀብድ ቀረ።

ከሁሉ የከበደው ግን የቀድሞውን ባል ማግኘት ነበር። ሰውየው በመካኒክነት የሚተዳደር፣ ከሁለተኛዋ ባለቤቱ ሁለት ልጆች ያፈራ ጨዋ ሰው ነው። መምህሩ ከቤቱ ሄደው ጉዳዩን ሲያስረዱት ፊቱ ተለዋወጠ። የመጀመሪያው ጋብቻ በሕግ ያልፈረሰ ከሆነ ሁለተኛው ምን ሊባል ነው? ጋብቻ ሳይፈርስ ሌላ የተፈጸመ እንደሆነ ሁለተኛው እንዲፈርስ ዐቃቤ ሕግ ጭምር ሊጠይቅ እንደሚችል ሕጉ ይናገራል። «እኔ ተቀምጬ ባለሁበት እሳት ለምን ያመጡብኛል? ሁላችንም ዝም ብንል ማን ይጠይቀናል?» አለ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ መምህሩም የሚመልሱት አልነበራቸውም።

መልስ የሰጠችው ቡና ታፈላ የነበረችው ባለቤቱ ናት። ከረከቦቱ አጠገብ ቀና ብላ፣ «እኔ እኮ የማን ሚስት እንደሆንሁ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። «አንተ ክፉ ቢያገኝህ ይህን ቤት ማን ይወርሰዋል? ልጆቼን ይዤ የቆምሁት በማን ጋብቻ ነው? ሂድና ጨርስ።»

ሴቲቱ ሕግ አልተማረችም። የሕጉን ፍሬ ነገር ግን ከሁሉም ቀድማ ያወቀችው እርሷ ነበረች።

ልጅቱ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ሁለቱ በስምምነት ለመፋታት በአንድነት ለፍርድ ቤት አመለከቱ። በስምምነት ፍቺ ጊዜ ዳኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ብቻ አያሰናብትም። የተጋቢዎቹ ፈቃድ ነጻ መሆኑን ይመረምራል፤ ልታርቃቸው ትችል እንደሆነ ያነጋግራል፤ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። በማመልከቻው ላይ ስለ መለያየታቸው ዘመን ምን ተብሎ ይጻፍ የሚለው አከራክሮ ነበር። አንድ የቅርብ ዘመድ ነገሩን በደፈናው አልፎ «በቅርቡ ተለያየን» ማለት ይሻላል፣ የሽማግሌዎቹም ስም አይነሣ አለ። መምህሩ አልተቀበሉም። በ2001 ዓ.ም. በሽማግሌ ፊት መለያየታቸው፣ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አለመዋል አለማደራቸው ሳይሸፋፈን እንዲጻፍ አደረጉ፤ በእጃቸው የጻፉትንም የድሮ ወረቀት ከነስሕተቱ አያያዙ። ችሎቱ መርምሮ ሚያዝያ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ፍቺውን አጸደቀ። ውሳኔው ሁለቱ ለዘጠኝ ዓመት አብረው አለመኖራቸውን መዝግቦ ነበር።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። የእኛ የቤተሰብ ሕግ፣ ሴት ጋብቻዋ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀን ሳያልፍ ሌላ ባል እንዳታገባ፣ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደላት ግን ልታገባ እንደምትችል ይደነግጋል። የዚያን ጊዜው የኢጣልያ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 89 300 ቀን እንድትጠብቅ ያዝዝ ነበር፤ ግዴታውም በዚያ የሚያገቡትን የውጭ አገር ሴቶች ይጨምራል። በእኛ ሕግ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ነጻ የምትሆነው ሙሽራ፣ በእነርሱ ሕግ እስከ የካቲት 11 ቀን ልትቆይ ነው። ዓላማው የሚወለደው ልጅ የማን ነው የሚል ጥርጥር እንዳይነሣ ነው። ወንዱ ግን በፈታ ማግሥት ሊያገባ ይችላል።

«ዘጠኝ ዓመት ያላየሁትን ሰው ልጅ አረግዛለሁ ብለው ነው?» ስትል ተቆጣች። «እርሱ ሁለት ልጅ ወልዶ ማንም ቀን አልቆጠረበት!»

መምህሩ ሊከራከሯት አልፈለጉም። በእርግጥም ሁለቱም ሕጎች የተጻፉት የሴት ማኅፀን ከማስረጃ ይቆጠር በነበረበት ዘመን አስተሳሰብ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ካልሆነ በቀር ከዚያ አስተሳሰብ መላቀቅ አልቻሉም። ነገር ግን በዚያው በአንቀጽ 89 ውስጥ አንድ ትንሽ በር ነበረች። ባልና ሚስቱ ፍቺው ከመወሰኑ በፊት በነበሩት 300 ቀናት አብረው አለመኖራቸው በመጨረሻ ፍርድ የታወቀ እንደሆነ፣ የኢጣልያ ፍርድ ቤት ሴቲቱ ጊዜው ሳይሞላ እንድታገባ ሊፈቅድላት ይችላል።

የአዲስ አበባው ውሳኔ ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦ ቀረበ። ከማመልከቻው እንዲወጣ የተመከረው፣ መምህሩ ግን ይጻፍ ያሉት ያ አንድ መስመር ነበር ለፈቃዱ መሠረት የሆነው። «በቅርቡ ተለያየን» ተብሎ ቢሆን ኖሮ በሩ አይከፈትም ነበር። እውነት ሁልጊዜ ዋጋዋን ወዲያው አትከፍልም፤ በዚህ ጊዜ ግን ስድስት ወር ሳይሞላ ከፈለች።

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ተጋቡ። ሐይቁ በሐምሌ ፎቶግራፍ ላይ እንደሚታየው ሰማያዊ አልነበረም፤ ዝናብ ይዘንብ፣ ነፋስ ይነፍስ ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የአገሪቱን ሦስት ቀለም መቀነት በደረቱ ላይ ያሰረ ሹም፣ ሁለት ምስክሮችና አንዲት አስተርጓሚ ቆመዋል። አስተርጓሚዋ የመጣችው ለጌጥ አይደለም፤ ሙሽሮቹ የሚገቡበትን ግዴታ በሚረዱት ቋንቋ ካልሰሙት ፈቃዳቸው ፈቃድ አይባልም። ሹሙ ከፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ሦስት አንቀጾች፣ 143ኛውን፣ 144ኛውንና 147ኛውን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የመጀመሪያው ባልና ሚስት እኩል መብትና ግዴታ እንዳላቸው፣ መታመን፣ መረዳዳትና አብሮ መኖር እንደሚገባቸው ይናገራል፤ ሁለተኛው የቤተሰቡን አኗኗርና የሚኖሩበትን ቦታ በስምምነት እንዲወስኑ ያዝዛል፤ ሦስተኛው ልጆችን ስለ ማሳደግና ስለ ማስተማር ነው።

እነዚህ ቃላት በዚያም አገር ከጥንት የነበሩ አይደሉም። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ የኢጣልያ ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርገው ነበር። የእኛም የ1952ቱ ሕግ እንዲሁ ይል ነበር፤ የተለወጠው በ1992ቱ ነው። በየአገሩ ሴቶች ታግለው፣ የሕግ ሰዎች ተከራክረው፣ አንድ የነበረው ራስ ሁለት ሆነ። ይህ ታሪክ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሲነበብ ለደቂቃዎች ያህል ብቻ ይሰማል። ብዙ ሙሽሮች ስለ ቀለበቱ እያሰቡ ላያስተውሉት ይችላሉ። ይህች ሙሽራ ግን በሙሉ ጆሮዋ ሰማች። በመጀመሪያው ሠርጓ ጊዜ የተመረቀችው «ባልሽን አክብሪ» ተብላ ብቻ ነበርና።

መምህሩና ባለቤታቸው አልሄዱም። የመምህሩ ጉልበት ለጉዞ አልበጀም። በዚያ ቀን በአዲስ አበባ ቤታቸው ጎረቤት ጠርተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ቡና አፍልተው ዋሉ። የተጠራው ጎረቤት ጥቂት ነበር፤ ከተጠሩት መካከል የቀድሞው ባልና ባለቤቱ ነበሩበት። እነርሱም ከፍቺው ውሳኔ በኋላ ወደ ወረዳቸው ሄደው፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት እንደ አዲስ ተጋብተው ተመዝግበዋል። ሁለቱ ልጆቻቸው ከፊት ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ አብሯቸው ነበር፤ ሴቲቱ ለእንግዳው ሁሉ እየዞረች አሳየችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጋብቻው ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ ደረሰ። በአገራችን የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 5 መሠረት በውጭ አገር፣ በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል የሚቃረን ካልሆነ በኢትዮጵያም የጸና ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር የተባለው «እሺ» በአዲስ አበባም «እሺ» ሆኖ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ግን እንዲያው ለጌጥ፣ አበባና ዜማ ብቻ ተደርጎ፣ በሥፍራው ሹም ፊት ሳይመዘገብ የሚቀር የባሕር ማዶ ሠርግ ምንም ያህል ቢያምር በየትኛውም አገር ጋብቻ አይባልም። ይህን ሳያውቁ ቆይተው፣ መካሰስ ወይም መውረስ በመጣ ቀን ፎቶግራፍ ይዘው ፍርድ ቤት የሚቆሙ አሉ።

መምህሩ የጋብቻውን ወረቀት የቤቱ ሰነድ ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ፣ የፍቺው ውሳኔ ካለበት ፖስታ አገቡት። ባለቤታቸው ይህን አይተው ተቆጡ።

«የፍቺን ወረቀት ከጋብቻ ጋር ምን ያደርገዋል? ሟርት ነው፤ ያውጡት!»

«አይወጣም» አሉ መምህሩ። «ይህኛው የቆመው በዚያኛው ላይ ነው።»

ሣጥኑን ቆለፉትና ቁልፉን ለባለቤታቸው ሰጡ።